ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው፦ የበዓልና የጉባኤ መርሐ ግብርን ተካፍሎ የማቀድ አሠራር

ደሴ፦ በደቡብ ወሎ ከተሞችና የገጠር ቀበሌዎች ሕዝብ የሚሰበሰብባቸው አጋጣሚዎች ብዙ ናቸው። ከውጭ ሀገርና ከአዲስ አበባ የሚመጡ ተወላጆች የሚገናኙበት መድረክ፣ የቀድሞ ተማሪዎች የሚሰባሰቡበት ቀን፣ የእግር ኳስ ደጋፊዎች ዓመታዊ ጉባኤ፣ የባሕል ሙዚቃ አፍቃሪዎች ምሽት፣ የአርሶ አደሮች የመስክ ጉብኝት ከእነዚህ መካከል ይጠቀሳሉ። እንግዳው ወደ አዳራሹ ሲገባ የሚያየው መድረኩን፣ ተናጋሪውን፣ ዘፋኙንና ገበታውን ነው። ከዚህ ሁሉ ጀርባ ያለው ግን አንድ ወረቀት ነው፤ እርሱም መርሐ ግብሩ ነው። ማን፣ ምን፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ በምን መሣሪያ የሚሉት ጥያቄዎች መልስ የሚያገኙት በዚህ ወረቀት ላይ ነው።

ይህን ወረቀት ማን ያዘጋጃል? በብዙ ቦታ መልሱ አንድ ሰው ነው። ብርቱ፣ ሰው የሚያውቅ፣ ሥራ የማይሰለች አንድ ሰው ደብተሩን ይይዛል፤ ስልኩን ይደውላል፤ ተናጋሪውን ይለምናል፤ አዳራሹን ይከራያል። የመጀመሪያው ዓመት ያምራል። ሁለተኛውም በመከራ ያልፋል። በሦስተኛው ዓመት ግን ያ ሰው ይታመማል፣ ወይም ሥራ ይቀይራል፣ ወይም በሐሜት ተማርሮ ይተወዋል፤ ደብተሩም አብሮት ይሄዳል። በዓሉ በዚያው ይቀራል። ስለሆነም የመርሐ ግብርን ሥራ ተካፍሎ የመሥራት ጉዳይ የምቾት ብቻ አይደለም፤ ሕዝብ የለመደው መገናኛ በየዓመቱ መቀጠል አለመቀጠሉ የሚወሰንበት ነው።

ይህ ጽሑፍ በሀገር ቤት፣ በውጭ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና በሌላው ዓለም የተለመዱ አሠራሮችን በማንሳት፣ የአንድን ጉባኤ መርሐ ግብር እንዴት ተካፍሎ ማቀድ እንደሚቻል ያብራራል።

በየዓመቱ ከተማ የሚቀይረው በዓል

በፈቃደኞች ትከሻ ላይ ከቆሙ ታላላቅ የኢትዮጵያውያን ዓመታዊ መሰባሰቢያዎች አንዱ በሀገር ውስጥ ሳይሆን በባሕር ማዶ ይገኛል። የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። መነሻው በየከተማው የሚኖሩ ስደተኞች ያቋቋሟቸው የእግር ኳስ ቡድኖች ነበሩ። በዓሉ በየዓመቱ በሐምሌ ወር መግቢያ ገደማ ለአንድ ሳምንት ያህል ይካሄዳል፤ የሚካሄድበት ከተማም በየዓመቱ ይለዋወጣል።

ስሙ የስፖርት ይሁን እንጂ የሚመጣው ሰው ሁሉ ኳስ ለማየት ብቻ አይመጣም። በስታዲየሙ ዙሪያ የምግብ፣ የልብስና የመጽሐፍ ድንኳኖች ይተከላሉ። ለቀድሞ ስፖርተኞችና ለአገር ባለውለታዎች የክብር እንግድነት ይሰጣል። የኢትዮጵያ ቀን የሚከበርበት መርሐ ግብር አለ፤ የሙዚቃ ዝግጅትም ይቀርባል። ለዓመታት የተለያዩ አብሮ አደጎች የሚገናኙትም እዚያው ነው። ስለዚህ አዘጋጁ የሚያወጣው የጨዋታ መርሐ ግብር ብቻ አይደለም፤ የአንድ ሳምንት ሙሉ ሕይወት ሰሌዳ ነው።

የዚህ በዓል አሠራር ሁለት ነገሮችን ያስተምራል። አንደኛው፣ ሥልጣኑ የአንድ ሰው አለመሆኑ ነው። አባል ቡድኖች ተወካዮቻቸውን ይልካሉ፤ ከተወካዮቹ መካከል ሥራ አስፈጻሚዎች ይመረጣሉ። በየዓመቱ ከተማው ሲለወጥ በከተማው ያሉ ፈቃደኞች ወደ ሥራው ይገባሉ፤ ልምዱ ግን ከተወካዮቹ ጋር ይጓዛል። አንድ ከተማ ቢደክም ሌላው ይተካዋል። ለአርባ ዓመታት ያህል መዝለቁ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት የመጣው ከመራራ ገጠመኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ፌዴሬሽኑ በዓሉን በዳላስ ሲያዘጋጅ፣ ከእርሱ ተለይቶ የተቋቋመ ሌላ ማኅበር በዚያው ሰሞን በዋሽንግተን ዲሲ ተመሳሳይ ዝግጅት አካሄደ። ከዚያ በፊት በአመራሩ ውስጥ በክብር እንግዳ አመራረጥና በድጋፍ ገንዘብ ዙሪያ ክርክሮች ነበሩ። አንድ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ሳምንት ለሁለት ተከፈለ። ከዚህ የምንረዳው፣ በመርሐ ግብር ሥራ ውስጥ የሚከፈለው ድካም ብቻ ሳይሆን ውሳኔም መሆኑን ነው። እንግዳን የሚመርጠው ማን እንደሆነ፣ በምን መለኪያ እንደሚመረጥ፣ ገንዘብ የሰጠ ወገን በመድረኩ ላይ ምን ያህል ድምፅ እንዳለው አስቀድሞ ካልተጻፈ፣ ሥራው ቢከፈልም ሰላም አይገኝም።

የሌላው ዓለም ልምድ

በሌላው ዓለምም አንድን ነገር የሚወዱ ሰዎች፣ መጽሐፍም ይሁን ፊልም ወይም የሥዕል ታሪክ፣ በዓመት አንድ ጊዜ የሚሰበሰቡባቸው የአድናቂዎች ጉባኤዎች አሉ። የዓለም የሳይንስ ልብ ወለድ ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1939 በኒው ዮርክ ሲሆን፣ የመጡት 200 ያህል ሰዎች ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ከ1942 እስከ 1945 ተቋርጦ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን እንደገና ተጀምሮ ዘልቋል። ይህም ጉባኤ በየዓመቱ ከተማ ይቀይራል፤ ቀጣዩን አስተናጋጅ ከተማ በድምፃቸው የሚመርጡት አባላቱ ናቸው። የሚያዘጋጁትም ደመወዝ የማይከፈላቸው ፈቃደኞች ናቸው።

በጃፓን ቶኪዮ የሚካሄደው ኮሚኬት የተሰኘው የሥዕል ታሪክ አድናቂዎች ገበያም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1975 ሲጀመር 32 ቡድኖችና 700 ገደማ ሰዎች ብቻ ነበሩት። ዛሬ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የሚጎርፉበት ታላቅ ዝግጅት ሆኗል። የኮሚኬት አዘጋጆች አንድ ደንብ አላቸው፤ በዝግጅቱ ላይ ሻጭም፣ ገዢም፣ አስተናባሪም ቢሆን ሁሉም «ተሳታፊ» ነው እንጂ ደንበኛ የለም። ይህ አጠራር ብቻ አይደለም። ወንበር የተጓደለበት ሰው «አዘጋጁ የት አለ?» ብሎ ከመጮህ ይልቅ ወንበር ለማምጣት እንዲነሣ ያደርገዋል።

እንዲህ ያሉ ጉባኤዎች በብዙ አዳራሾች በአንድ ጊዜ የሚካሄዱ ውይይቶች ስላሏቸው፣ የመርሐ ግብሩን ሥራ በርእሰ ጉዳይ ይከፋፍሉታል። የመጽሐፉን ክፍል አንድ ቡድን፣ የፊልሙን ሌላ ቡድን፣ የልጆችን ሦስተኛ ቡድን ይይዛል። ሁሉም ያዘጋጁትን ወደ አንድ ዋና ሰንጠረዥ ያስገባሉ። ሰንጠረዡን የሚጠብቀው ሰው የሌሎችን ሥራ አይሠራም፤ ሥራዎቹ እንዳይጋጩ ይጠብቃል እንጂ።

ወሎ የሚያውቀው አሠራር

ይህ አሠራር ለወሎ ሕዝብ እንግዳ አይደለም። በሌላው አካባቢ እድር የሚባለው በወሎ ቅሬ ይባላል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይታቀፋል። ሰው ሲሞት ማንም ስብሰባ ጠርቶ ሥራ አያከፋፍልም፤ የሥራው ክፍፍል ከወዲሁ የታወቀ ነው። የሚጠራው ይጠራል፤ የሚቆፍረው ይቆፍራል፤ ድንኳን የሚተክለው ይተክላል፤ ሴቶች እህልና ውሃውን ያሰናዳሉ። የቀረ ሰው ይጠየቃል፤ ምክንያት ከሌለው ይቀጣል። በአጨዳና በውቂያ ጊዜ የሚጠራው ጅጌም እንዲሁ በጋራ ጉልበት ላይ የቆመ ነው።

ታላላቅ መሰባሰቢያዎችንም ማስተናገድ አዲስ አይደለም። በአምባሰል በሚገኘው ግሸን ማርያም መስከረም 21 ቀን ከመላ ሀገሪቱ የሚመጣ ምእመን ይሰበሰባል። በደቡብ ወሎ ጀማ ንጉሥ ደግሞ መውሊድ በመንዙማ ይከበራል። በደሴ ከተማ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት ታላቅ የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» መባሉም የመጣውን ሁሉ የመቀበልን ሐሳብ ያስታውሳል። እንዲህ ያለ አዳራሽ ሞልቶ ግብር ሲበላ፣ ከበር ጠባቂው እስከ አሳላፊው ድረስ እያንዳንዱ የሥራ ድርሻውን ሳያውቅ ገበታው አይሰምርም ነበር።

ልዩነቱ አንድ ነው። ቅሬ ሥራውን የሚያውቀው ለዘመናት ስለደጋገመው ነው። አዲስ ጉባኤ ግን ልማድ የለውም። ስለዚህ በልማድ የሚታወቀውን በጽሑፍ መተካት ግድ ይለዋል።

ሥራው ምን ያህል ነው?

ሥራን ለመካፈል በመጀመሪያ መጠኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ያህል በቧንቧ ውሃ አካባቢ ያሉ የባሕል ሙዚቃ አፍቃሪዎች የሁለት ቀን ጉባኤ ሊያዘጋጁ ቢነሡ እንበል። ሦስት ቦታ አላቸው፤ አንድ ትልቅ አዳራሽ፣ አንድ የትምህርት ቤት ክፍልና አንድ ሜዳ። በየቦታው በቀን አምስት ክፍለ ጊዜ ቢኖር፣ በሁለት ቀን 30 ክፍለ ጊዜ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ርእስ መምረጥ፣ አቅራቢ መፈለግ፣ ደውሎ ማነጋገር፣ ማረጋገጥ፣ መሣሪያውን ማጣራትና ማስታወስ ተደምሮ አራት ሰዓት ይወስዳል ብንል፣ ጠቅላላው 120 ሰዓት ነው።

ይህን አንድ ሰው ከሥራ በኋላ በየምሽቱ ሁለት ሰዓት እየሰጠ ቢሠራው 60 ምሽት ይፈጅበታል። ሁለት ወር ሙሉ ከቤተሰቡ ጋር ራት አይበላም ማለት ነው። ስድስት ሰዎች እኩል ቢካፈሉት ግን ለእያንዳንዳቸው 20 ሰዓት፣ ማለትም 10 ምሽት ይደርሳቸዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአበው አነጋገር በቁጥር ሲተረጎም ይህ ነው።

ክፍፍሉ በርእሰ ጉዳይ ይሁን

ብዙ ኮሚቴዎች ሥራን የሚያከፋፍሉት በተግባር ዓይነት ነው፤ አንዱ ደዋይ፣ አንዱ ጸሐፊ፣ አንዱ ተላላኪ ይሆናል። ይህ ለመርሐ ግብር አይበጅም። ደዋዩ ስለ ርእሱ አያውቅም፤ ጸሐፊው ከአቅራቢው ጋር አልተነጋገረም፤ ስሕተት ሲፈጠር ማን እንደሚያርመው አይታወቅም። የተሻለው መንገድ ዘርፍ ለይቶ እያንዳንዱን ዘርፍ ከመነሻው እስከ መድረሻው ለአንድ ኃላፊ መስጠት ነው።

ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ዘርፎቹ እነዚህ ሊሆኑ ይችላሉ፦

- የቅኝት ዘርፍ፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚቀርቡበትና የሚብራሩበት። ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎች ስም በመሆናቸው ይህ ዘርፍ የጉባኤው ልብ ነው።
- የመንዙማና የመንፈሳዊ ዜማ ዘርፍ።
- የሽማግሌዎችና የታሪክ አዋቂዎች ወግ።
- የወጣቶችና የተማሪዎች ዝግጅት።
- የእጅ ሥራና የገበያ ዘርፍ።
- የእንግዳ አቀባበልና የገበታ ዘርፍ።

እያንዳንዱ ዘርፍ አንድ ኃላፊና አንድ ምክትል ይኖረዋል። ምክትሉ ለስም የተቀመጠ መሆን የለበትም፤ ኃላፊው የሚያውቀውን ሁሉ፣ የስልክ ቁጥሮችንም ጭምር፣ ማወቅ አለበት። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የተባለው ለዚህ ነው።

ከስድስቱ ዘርፎች በላይ አንድ አስተባባሪ ይቆማል። የእርሱ ወይም የእርሷ ሥራ ዋናውን ሰንጠረዥ መያዝ፣ ግጭት መፈለግና ቀነ ገደብ ማስከበር ነው። አስተባባሪ ራሱ ዘርፍ ከያዘ ለዘርፉ ማድላቱ፣ ባያደላም መታማቱ አይቀርም።

አንድ ሌላ ደንብ መዘንጋት የለበትም፤ አንድን አቅራቢ የሚያነጋግረው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ሦስት የኮሚቴ አባላት ለአንድ አዝማሪ በሦስት የተለያየ ሰዓት ቀጠሮ ቢሰጡት፣ ጥፋቱ የአዝማሪው አይደለም።

ሰንጠረዡና ግጭቶቹ

ዋናው ሰንጠረዥ ቀላል ነው። በግራ በኩል ሰዓቶቹ ወደ ታች ይጻፋሉ፤ ከላይ ቦታዎቹ ወደ ጎን ይደረደራሉ። እያንዳንዱ ሣጥን አንድ ክፍለ ጊዜ ነው። ኮምፒዩተር ያለው በኮምፒዩተር፣ የሌለው በትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ሊሠራው ይችላል። በግድግዳ ላይ ሲሆን እያንዳንዱን ክፍለ ጊዜ በትንሽ ወረቀት ጽፎ መለጠፍ ይመከራል፤ ማዘዋወር ሲያስፈልግ መሰረዝ አይኖርም።

ሰንጠረዡ ሲሞላ አራት ዓይነት ግጭቶች ይፈለጋሉ። የመጀመሪያው አንድ ሰው በአንድ ሰዓት በሁለት ቦታ መጻፉ ነው። ሁለተኛው አንድ ዓይነት ታዳሚ የሚፈልጋቸው ሁለት ዝግጅቶች መደራረባቸው ነው፤ ሽማግሌዎቹ ሁለቱንም መስማት እየፈለጉ አንዱ ያመልጣቸዋል። ሦስተኛው የድምፅ ግጭት ነው፤ ከበሮ ከሚመታበት ሜዳ አጠገብ ወግ የሚያወጋ ሽማግሌ አይሰማም። አራተኛው የእረፍት እጦት ነው። ከየሰዓቱ 45 ደቂቃውን ለዝግጅቱ፣ 15 ደቂቃውን ለመሸጋገሪያ መስጠት የሚባክን ጊዜ አይደለም፤ ያ ከሌለ የጠዋቱ መዘግየት እስከ ማታ ይከማቻል።

በጽሑፉ ላይ የሰዓት አቆጣጠርን ለይቶ መግለጽም ተገቢ ነው። ከውጭ ሀገር ለሚመጣ እንግዳ «3 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ሊያሳስተው ይችላል፤ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር» መባል አለበት። ቀኑም በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር ጎን ለጎን ቢጻፍ የአውሮፕላን ትኬት የሚቆርጠው ሰው አይሳሳትም።

ቀኑን የሚመርጠው ማን ነው?

ቀን የሚመረጠው የአዳራሽ ኪራይ ስለረከሰ ብቻ አይደለም። በደቡብ ወሎ ከመኸር በተጨማሪ በልግ የሚያመርት አርሶ አደር አለ። በበልግ ዝናብ መግቢያ እርሻው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳና ውቂያው ይይዘዋል። በእነዚህ ወቅቶች የተጠራ ጉባኤ «ገበሬው ፍላጎት የለውም» ተብሎ ሊታማ ይችላል፤ ነገር ግን የተሳሳተው ቀኑ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ደሴ ዝናብና ጉም ይበዛባታል፤ በሜዳ ላይ የታቀደ ዝግጅት መጠለያ ያስፈልገዋል።

የሃይማኖት አጽዋማትና በዓላትም ሊታዩ ይገባል። መውሊድና ረመዳን በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚውሉ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደፊት ይቀድማሉ፤ ፋሲካም ቀኑ ይለዋወጣል። ስለሆነም ያለፈውን ዓመት ቀን እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። ዓርብ ቀትር የጁምዓ ሶላት፣ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ መኖሩ በሰንጠረዡ ላይ አስቀድሞ መያዝ አለበት። የገበያ ቀንም እንዲሁ ነው፤ ከገጠር ወደ ከተማ የሚወጣው ሰው በገበያ ቀን ጉዳዩን ሳይፈጽም አዳራሽ አይገባም።

የገበታ ዘርፍም የራሱ ክፍፍል አለው። በወሎ ድግስ የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ሥጋ ለየብቻ ይታረዳል፤ ለየብቻ ይሠራል። ስለዚህ ሁለት የወጥ ቤት ኃላፊዎች፣ ሁለት የዕቃ ስብስቦች ያስፈልጋሉ። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ፣ አልያም በዐቢይ ጾም ውስጥ ከዋለ፣ የጾም ምግብ የግድ ነው። ይህን በመጨረሻው ሳምንት ማሰብ እንግዳን ጦሙን ማሳደር ነው።

ዝግጅቱ በደሴና በኮምቦልቻ ተከፍሎ የሚካሄድ ከሆነ ደግሞ መንገዱን ማስላት ያስፈልጋል። ሁለቱ ከተሞች በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁም መንገዱ ቁልቁለትና ጠመዝማዛ ነው። በደሴ የጠዋቱን መድረክ የመራ ሰው ወዲያው በሚቀጥለው ሰዓት በኮምቦልቻ መድረክ ላይ ሊጻፍ አይገባም። የተሻለው አንዱን ቀን ለደሴ፣ ሌላውን ለኮምቦልቻ መስጠትና በየከተማው የራሱን አስተናባሪ ቡድን ማቋቋም ነው። ብርዱንና ሙቀቱንም ለእንግዳ መንገር ያስፈልጋል፤ የደሴ ምሽት ጋቢ ይፈልጋል፤ ኮምቦልቻ ግን ሞቃት ናት።

ወደ ኋላ እየቆጠሩ ማቀድ

የጊዜ ሰሌዳ የሚወጣው ከበዓሉ ቀን ወደ ኋላ በመቁጠር ነው። ለሁለት ቀን ጉባኤ የሚከተለው አካሄድ ሊያገለግል ይችላል፦

- ስድስት ወር ሲቀረው፦ ቀንና ቦታ ይወሰናል፤ አስተባባሪና የዘርፍ ኃላፊዎች ይመረጣሉ።
- አራት ወር ሲቀረው፦ ከሕዝብ ሐሳብ ይሰበሰባል።
- ሦስት ወር ሲቀረው፦ አቅራቢዎች ይጋበዛሉ። መቼ እንደሚመቻቸውና መቼ እንደማይመቻቸው፣ ምን መሣሪያ እንደሚፈልጉ ይጠየቃሉ።
- ስድስት ሳምንት ሲቀረው፦ የመጀመሪያው ሰንጠረዥ ይሠራል፤ ሁሉም የዘርፍ ኃላፊዎች በአንድ ቦታ ተቀምጠው ግጭት ይፈልጋሉ።
- አራት ሳምንት ሲቀረው፦ እያንዳንዱ አቅራቢ ቀንና ሰዓቱን ያረጋግጣል።
- ሁለት ሳምንት ሲቀረው፦ ሰንጠረዡ ይዘጋል፤ ይታተማል። ከዚህ በኋላ ለውጥ የሚፈቅደው አስተባባሪው ብቻ ነው።
- ሁለት ቀን ሲቀረው፦ ለሁሉም እንደገና ይደወላል።

ሐሳብ ሲሰበሰብ ማንበብና መጻፍ የሚችለውን ብቻ መጠየቅ አይገባም። የቅሬ ሰብሳቢዎች፣ የገበያ ቀን፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ መውጫ ሰዓት ሁነኛ መንገዶች ናቸው። ከሐሳቡ ሁሉ ተቀባይነት የሚያገኘው ጥቂቱ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ሐሳብ ለሰጠ ሰው ተቀባይነት ማግኘት አለማግኘቱን መንገር ያስፈልጋል። ዝም የተባለ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ሐሳብ አይሰጥም።

ገንዘብና ውሳኔ

የመርሐ ግብር ሥራና የገንዘብ ሥራ በአንድ እጅ መሆን የለባቸውም። አቅራቢውን የጋበዘው ሰው ራሱ ክፍያውን ወስኖ ራሱ ከከፈለ፣ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ንጹሕነቱን የሚመሰክርለት አይኖርም። ገንዘብ ያዡ ሌላ ሰው ይሁን፤ ወጪ በሁለት ፊርማ ይውጣ፤ ሒሳቡም ለአባላት ይነበብ።

የክብር እንግዳ ምርጫ፣ የመክፈቻና የመዝጊያ ንግግር፣ የድጋፍ ሰጪዎች ስም አጠራር የሚያጣሉ ጉዳዮች ናቸው። እነዚህን ለዘርፍ ኃላፊ መተው አይገባም፤ ጠቅላላ ኮሚቴው በቃለ ጉባኤ ይወስናቸው። በሌላ በኩል በቅኝት ዘርፍ ማን ከማን ቀጥሎ ይጫወታል የሚለውን ጠቅላላ ኮሚቴው ሊከራከርበት አይገባም፤ የዘርፉ ኃላፊ ይወስን። ሥራ ሰጥቶ ውሳኔ መንፈግ ሥራን መካፈል አይባልም። በሁሉ ነገር የሚጠራ ስብሰባም ከጭነቱ በላይ ሌላ ጭነት ነው።

በዕለቱ

የተሠራው ዕቅድ ምን ያህል ጥሩ ቢሆን በዕለቱ አንድ ነገር ይሰናከላል። መብራት ይጠፋል፤ አቅራቢው መኪና ይበላሽበታል፤ ዝናብ ይመጣል። ለዚህም በየአዳራሹ በር ሰዓት የሚጠብቅ አንድ ሰው፣ በአንድ ግልጽ ቦታ ደግሞ ሁሉም የሚያውቀው የመረጃ ጠረጴዛ ይኑር። ለውጥ ካለ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ይጻፍ፤ በየስልኩ ከሚናፈስ ወሬ በላይ የሚታመነውም እርሱ ይሁን። ለእያንዳንዱ ግማሽ ቀን አንድ ተጠባባቂ ዝግጅት መያዝም ብልሃት ነው፤ ማሲንቆውን ይዞ የተቀመጠ አንድ አዝማሪ ባዶ የቀረውን ክፍለ ጊዜ ይሞላዋል።

የዘርፍ ኃላፊዎች በዕለቱ ሁለቱንም ቀን ያለ እረፍት መቆም የለባቸውም። ኃላፊና ምክትል ተራ ይግቡ፤ ምሳ ይብሉ፤ ከዝግጅቱም የሚወዱትን አንዱን ይመልከቱ። የሠራበትን በዓል አንድ ጊዜም ቁጭ ብሎ ያላየ ፈቃደኛ በቀጣዩ ዓመት አይመለስም።

ደብተሩ ለማን ይተላለፋል?

በዓሉ አልፎ ድንኳኑ ሲፈርስ ሥራው አላለቀም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ኮሚቴው ተሰብስቦ ምን እንደሰመረ፣ ምን እንደጎደለ ይነጋገራል። ሦስት ሰነዶች ለተተኪው ይቀራሉ፤ የመጨረሻው ሰንጠረዥ ከነተደረጉበት ለውጦች፣ የአቅራቢዎች ዝርዝር ከነአድራሻቸው፣ የገቢና የወጪ ሒሳብ። የሰዎች ስልክ ቁጥር በይፋ የሚለጠፍ ሳይሆን ኃላፊነት ላለበት ብቻ የሚሰጥ ይሁን። ሰነዶቹ በሁለት ሰዎች እጅ፣ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጡ።

ከዚያም በየዓመቱ ከዘርፍ ኃላፊዎች ሲሶ ያህሉ እንዲቀየሩ ማድረግ ይመከራል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከተቀየሩ ልምዱ ይጠፋል፤ ማንም ካልተቀየረ ወጣቱ በር ላይ ቆሞ ይቀራል። ምክትል የነበረው ኃላፊ ሲሆን፣ ኃላፊ የነበረው አማካሪ ሲሆን፣ ዕውቀቱ ከሰው ወደ ሰው ይሸጋገራል። በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በዓላቸውን ከከተማ ወደ ከተማ ይዘው ለአሥርተ ዓመታት የዘለቁት ሥራውን በብዙ እጆች ላይ በማሳደር ነው።

በደሴ፣ በኮምቦልቻም ሆነ በዙሪያቸው ባሉ ቀበሌዎች ለቀጣዩ ዓመት መሰባሰቢያ የሚያስቡ ወገኖች ሥራውን በትልቅ በጀት መጀመር አይጠበቅባቸውም። አንድ ትልቅ ወረቀት፣ ስድስት ፈቃደኛ ሰዎች፣ ስድስት ምክትሎችና አንድ የማያዳላ አስተባባሪ ለመነሻ ይበቃሉ። የመጀመሪያው ስብሰባ የመጀመሪያ ጥያቄም «ማን ይምራ?» ሳይሆን «ሥራው ስንት ነው? ለስንትስ ይከፈላል?» የሚል ቢሆን ይመረጣል።